ነጩ፣ ባለቀለሙ ወይስ ፊቱ አፈር የመሰለው? የመጀመሪያውን ጥንታዊ የቻይና ምስል ስትመርጡ

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «አንድ ጥንታዊ የቻይና ሸክላ ምስል፣ ማለትም ትንሽ ሐውልት፣ መግዛት ፈልጌ ነበር፤ የቱን ልግዛ?» ይላሉ። አብዛኞቹ እንደ እኔ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ናቸው። ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲዞሩ፣ ወይም ሰው ያረፈበት ቤት ዕቃው ሲሸጥ ሲገቡ፣ መደርደሪያ ላይ አንዲት ነጭ ሴት ቆማ ያያሉ። ነጠላ የተከናነበች ትመስላለች። ዐይኗን ሰበር አድርጋለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕቃ አይታያቸውም።

እሷ ጓንዪን ናት፤ በቻይና ቡድሂስቶች ዘንድ የርኅራኄ እመቤት። ስሟ «የዓለምን ጩኸት የምትሰማ» እንደማለት ነው። ከህንድ ስትመጣ በወንድ መልክ ነበር የምትታወቀው። ቻይና ውስጥ ግን በዘመናት ብዛት ሴት ሆነች። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት የእሷን ምስል ነው። አብዝቶ በማስመሰል የሚሠራውም የእሷ ነው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። ለመጀመሪያ ግዢ ነጩን የደሁዋ ምስል ምረጡ። ያውም ጣቱ የተሸረፈውን። ለምን እንደሆነ ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸርኩ ላሳያችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጩ የደሁዋ

ደሁዋ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂያን ግዛት ያለች ተራራማ ወረዳ ናት። አፈሯ ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ሸክላን እሳት ሲነካው ቀይና ቡናማ የሚያደርገው ብረት ነው። እሱ ሲያንስ ነጭ ይወጣል። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ብላን ደ ሺን»፣ ማለትም «የቻይና ነጭ» ብለው ጠሩት። የጨረታ ቤቶች ዛሬም የሚጠቀሙት ይህንኑ ስም ነው።

እኔ የደሁዋን ሥራ የምወደው ሠሪው የሚደበቅበት ነገር ስለሌለ ነው። ቀለም የለም፣ አበባ የለም፣ ወርቅ የለም። ያለው የልብሱ እጥፋት፣ የዐይኗ ሽፋን፣ የጣቶቿ አወራረድ ብቻ ነው። እጅ የተባረከ ከሆነ ወዲያው ይታያል። ካልሆነም ወዲያው ይታያል። ለጀማሪ ዐይን ከዚህ የተሻለ መምህር የለም።

የዚህ ጥበብ ትልቁ ስም ሄ ቻኦዞንግ ነው። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የኖረ ሠሪ ነው። ስሙን ከምስሉ ጀርባ በማኅተም ይመታ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ማኅተም ሲመቱ ኖሩ። ዛሬም ይመቱታል። እኔም የተበላሁት በዚሁ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ አንዲት ጓንዪን አየሁ። ጀርባዋ ላይ ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሻጩ «ሚንግ ነው» አለኝ። አመንኩት። የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ከፈልኩ። ዕቃው ቤት ሲደርስ ገለበጥኳትና ውስጧን በስልኬ መብራት አየሁ። ልክ እንደ ቡና ሲኒ ውስጥ ለስላሳ ነበር። ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። «እንዴት ጥሩ አድርገው ጨርሰውታል!» ብዬ ተደሰትኩ።

ልስላሴው ግን ማስጠንቀቂያ ነበር። የድሮ የደሁዋ ሠሪ ለስላሳውን ጭቃ በሁለት ቁራጭ ፎርማ ላይ በጣቱ እየተጫነ ያስገባዋል። ከዚያ የፊቱንና የጀርባውን ግማሽ ያጣብቃል። ስለዚህ ውስጡ ጎርበጥባጣ ነው፤ የጣት ዱካ ይታይበታል፣ ወፍራምና ስስ ቦታ አለው። የዛሬ ፋብሪካ ጭቃውን እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ አጥሚት አቅጥኖ ፎርማው ውስጥ ያፈስሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ትርፉን ይደፋዋል። ውስጡ ያን ያህል የሚለሰልሰው ለዚህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ያረፉበት ቤት ዕቃ ሲሸጥ ሌላ ጓንዪን አገኘሁ። ቁመቷ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች የሉም። ማኅተም የላትም። ዋጋዋ የመጀመሪያዋን አንድ አሥረኛ አይሆንም። ገልብጬ ውስጧን አየሁ። ከትከሻዋ በታች አራት የጣት ዱካዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ጣቴን ሰድጄ ዱካው ላይ አሳረፍኩት። ከእኔ ጣት ትንሽ ይቀጥናል። ሰውየው፣ ወይም ሴትየዋ፣ ጭቃውን ተጭነው ወደ ታች ሲስቡ ጥፍራቸው የጫረው መስመር ሳይቀር አለ። እዚያው ቆሜ ገዛኋት። በኋላ ያሳየኋቸው ባለሙያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት አሉኝ። ከሚንግ ሁለት መቶ ዓመት ታንሳለች፤ ቢሆንም እውነተኛ ናት።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልጨምር። «ነጭ» ስንል አንድ ነጭ አይደለም። የሚንግ ዘመኑ ወደ ዝሆን ጥርስ፣ ወደ ወተት ያደላል። ከጀርባው የባትሪ መብራት ስታበሩበት ብርሃኑ ሞቅ ብሎ፣ አንዳንዴም ወደ ሮዝ አድልቶ ይወጣል። ከሚንግ ቀጥሎ በነገሠው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ የተሠራው ቀዝቀዝ ይላል፤ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ይጠጋል። ይህ በአብዛኛው እንጂ ሁልጊዜ የሚሠራ መለያ አይደለም። ብቻውን ፍርድ አትስጡበት። ከውስጡ ዱካና ከፊቱ አሠራር ጋር አብራችሁ ተመልከቱት።

በነገራችን ላይ «ሲኒ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። በቀን ሦስቴ በእጃችን የምንይዘው ዕቃ የትውልድ አገሩን ስም ይዞ ቀርቷል።

ልጅ የታቀፈችው

ከጓንዪን ምስሎች መካከል ልጅ የታቀፈች አለች። ልጅ የሚለምኑ ሴቶች የሚማጸኗት ናት። ሐበሻ ሲያያት ምስለ ፍቁር ወልዳ ድቅን ይልበታል። እኔም የደነገጥኩት እንደዚያ ነው። እኛ ብቻ አይደለንም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዕቃውን የሚጭኑ የእንግሊዝ ነጋዴዎች በመዝገባቸው «ሳንክታ ማሪያ» ብለው ጽፈዋታል፤ ቅድስት ማርያም ማለታቸው ነው።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ ከስም አለፈ። ክርስትና በ1614 በመላው አገሪቱ ሲታገድ፣ በናጋሳኪ አካባቢ በድብቅ የቀሩ ምእመናን ከቻይና የመጣችውን ጓንዪን ቤታቸው አቁመው ለእመቤታችን ጸለዩ። ለባለሥልጣኑ የቡድሂስት ምስል ናት፤ ለእነሱ ማርያም ናት። «ማሪያ ካንኖን» ትባላለች። የናጋሳኪ አስተዳደር የወረሳቸው እንዲህ ያሉ ምስሎች ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው። ሰዎቹ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዚያ ሁኔታ ጸልየዋል። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

እዚህ ላይ ግን ኪሳችሁን ጠብቁ። ልጅ የታቀፈችን ተራ ጓንዪን «ማሪያ ካንኖን ናት» ብሎ በእጥፍ የሚሸጥ ሞልቷል። በአብዛኛው በቁሱ ልዩነት የላቸውም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የደሁዋ ናቸው። ልዩነቱ ምስሉ የት ቤት፣ በማን እጅ እንደኖረ ነው። ያንን የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለ ለጓንዪንነቷ ክፈሉ፤ ለታሪኩ አትክፈሉ።

ባለቀለሙ የጂንግደዠን

ጂንግደዠን በጂያንግሺ ግዛት ያለች የፖርሴሊን፣ ማለትም ሲኒ የሚሠራበት የነጭ ሸክላ፣ ከተማ ናት። የነገሥታቱ ዕቃ የሚሠራው እዚያ ነበር። የከተማዋን ምስሎች በሁለት ዘመን ከፍሎ ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያው የንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን ነው፤ ከ1662 እስከ 1722። ምስሉን መጀመሪያ ያለ ቅብ፣ መስታወት የመሰለው ሽፋን ሳይኖረው፣ ያቃጥሉታል። ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ቀለም ቀብተው ዝቅ ባለ ሙቀት ዳግም እሳት ያስገቡታል። ስምንቱ ዘላለማውያን የሚባሉት የዳኦ እምነት ቅዱሳን፣ ጓንዪን፣ የጦር አምላኩ ጓንዲ በዚህ መንገድ ተሠርተዋል። ያምራሉ። ነገር ግን አውሮፓውያን ሀብታሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብደውላቸው ስለነበር አስመሳዩም በዚያው ልክ ነው። በ1845 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው የሳምሶን ድርጅት የቻይናን ፖርሴሊን በመቅዳት ስሙ የታወቀ ነው። የእሱ ቅጂዎች ራሳቸው ዛሬ ጥንታዊ ዕቃ ሆነዋል።

አንድ ጠቃሚ ምልክት ልስጣችሁ። ጽጌረዳ የመሰለው ሮዝ ቀለም ከወርቅ የሚሠራ ነው። ቻይና ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በ1720 አካባቢ ነው። ልብሷ ላይ ሮዝ ተቀብቶ ሳለ «የ1680 ሥራ ናት» የሚላችሁ ሻጭ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ዘመን የቻይና ሪፐብሊክ ዘመን ነው፤ ከ1912 እስከ 1949። ለጀማሪ አቅም የሚቀርበው ይኼኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሆዱን ገልጦ የሚስቀው ቡዳይ ነው፤ አንዳንዴ ሕፃናት ትከሻው ላይ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ቡድሃ ይመስለዋል። ቡዳይ ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት መነኩሴ ነው። ስሙም «የጨርቅ ከረጢት» ማለት ነው፤ ያለችውን ይዞ የሚዞርባት ከረጢት። ከሥሩ ዌይ ሆንግታይ ወይም ዜንግ ሎንግሼንግ የሚል የሠሪ ማኅተም ካያችሁ የተከበሩ ስሞች ናቸው፤ እነሱም ግን ይቀዳሉ።

ከነጩ ጋር ሳነጻጽረው የባለቀለሙ ችግር ይሄ ነው፤ ቀለም ጥገናን ይደብቃል። የተሰበረ ክንድ ተጣብቆ፣ ተሞልቶ፣ ላዩ አረንጓዴ ሲቀባ በዐይን ማየት ይከብዳል። ነጩ ላይ ግን የጥገናው ነጭ ከዋናው ነጭ ጋር እምብዛም አይገጥምም። ዐይናችሁ ገና እየለመደ ሳለ ይህ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የሺዋኑ

ሺዋን በጓንግዶንግ ግዛት፣ ፎሻን ከተማ ውስጥ ነው። በትክክል ለመናገር ሥራው ፖርሴሊን አይደለም፤ ከፍ ባለ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ነው። ሻጮች ግን አብረው ስለሚደረድሩት ማወቅ ያስፈልጋል። መለያው ቀላል ነው። ልብሱ በወፍራም አብረቅራቂ ቅብ ይሸፈናል። ፊቱና እጁ ግን ሳይቀባ አፈር እንደመሰለ ይቀራል። ዜን የሚባለውን የቡድሂዝም ዘርፍ እንደመሠረተ የሚነገርለት ህንዳዊው መነኩሴ ቦዲዳርማ በሺዋን ሠሪዎች እጅ ሲወጣ ግንባሩ ላይ ያለው ሽብሽብ ይቆጠራል። ጓንዪን ጸጥታ ናት። የሺዋን መነኮሳት ግን ይቆጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ያዝናሉ።

እዚያው በሚንግ ዘመን፣ ከ1506 እስከ 1521 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ እንደ ዘንዶ የተጋደመ እቶን እስካሁን ይሠራል። ይህ ደስ ቢልም ለገዢ ፈተና ነው። አንዱን ቅርጽ በየትውልዱ ስለደጋገሙት ዘመኑን መለየት ከሁሉም ይከብዳል። ሺዋንን ፊቱ ስለማረካችሁ ግዙ። ለዕድሜው ብላችሁ ብዙ አትክፈሉ።

የተጎዳ ወይስ ሙሉ?

እኔ የተጎዳውን እመርጣለሁ። ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ምስል አሥሩም ጣቱ ሙሉ ከሆነ ወይ ዋጋው አይቀመስም፣ ወይ ተጠግኗል፣ ወይ ሦስት መቶ ዓመት አልኖረም።

ጉዳት ግን እኩል አይደለም። የጣት መሸረፍ የተለመደ ነው፤ ዋጋን ይቀንሳል እንጂ ምስሉን አያበላሽም። አንገት የተሰበረና የተጣበቀ ከሆነ ብዙ ይቀንሳል። ጭንቅላቱ የሌላ ምስል ሆኖ የተተከለ ከሆነ ተዉት። ለዚህ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ ስታበሩበት የጥገናው ቀለምና ሙጫ ከቀረው አካል በተለየ ያበራል። አንገቱን፣ የእጅ አንጓውንና የሥሩን ጠርዝ ተመልከቱ። በዚህ ባትሪ የምታዩት ከመግዛታችሁ በፊት ይሁን።

የእሳት ስንጥቅን በኋላ ከመጣ ስንጥቅ መለየትም ያስፈልጋል። በእቶን ውስጥ የተሰነጠቀ ከሆነ ቅቡ ጠርዙን አለስልሶታል፤ በማጉያ መነጽር ስታዩት ዳሩ ክብ ነው። በኋላ ወድቆ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ጠርዙ ይሰላል፣ ቆሻሻ ይይዛል። የእሳት ስንጥቅ በደሁዋ ምስሎች ላይ፣ በተለይ ከሥራቸው፣ በብዛት ይታያል። አያስደንግጣችሁ።

ከየት ልግዛ?

በጨረታ ቤት መግዛት ጥቅሙ ስለ ዕቃው ጉዳት የጽሑፍ መግለጫ መጠየቅ መቻላችሁ ነው። ጠይቁ። ዋጋው ላይ ግን የገዢ ክፍያ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ነው። ቋንቋውንም አጥኑት። «የካንግሺ ምልክት ያለው» ማለት በካንግሺ ዘመን የተሠራ ማለት አይደለም። ሁለቱ በተለያየ ቃል የሚጻፉት ሆን ተብሎ ነው። «ቺንግ ወይም ከዚያ ወዲህ» ካለ ትናንት የተሠራም ሊሆን ይችላል።

ከሰመጡ መርከቦች የወጡ ዕቃዎችንም አስቡባቸው። በ1690 አካባቢ ቬትናም ባሕር ላይ ከሰመጠ መርከብ የወጣው «ቩንግ ታው» የሚባለው ጭነት በ1992 አምስተርዳም ላይ ተሽጧል፤ የደሁዋ ነጭ ሥራዎች ነበሩበት። በ1822 የሰመጠችው «ቴክ ሲንግ» ጭነትም በ2000 ጀርመን ውስጥ ተሸጠ። የባሕሩ ጨው አንጸባራቂነታቸውን ወስዶት ደብዘዝ ይላሉ። ግን ዘመናቸው ይታወቃል፤ የጨረታው ተለጣፊ ወረቀትና ምስክር ወረቀት አብሮ ካለ ከብዙ ክርክር ያድናል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሥሩን እዩ። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የመጣበትን አገር ስም እንዲይዝ ሕግ ወጥቷል። ሥሩ ላይ በላቲን ፊደል «ቻይና» ተብሎ ከታተመ በሚንግ ዘመን መሠራቱን ተጠራጠሩ። አለመታተሙ ግን አሮጌ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የወረቀት ተለጣፊ ነበረውና ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ቻይና ከ1911 በፊት የተሠሩ ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ ትከለክላለች። ቻይና ሄዳችሁ «አሮጌ ነው፣ ይዘህ ሂድ» የሚላችሁ ሻጭ ወይ ዕድሜውን ዋሽቷል፣ ወይ ሕግ ያስጥሳችኋል። ከድሮ ጀምሮ ከቻይና ውጭ እንደነበረ በደረሰኝ ወይም በአሮጌ ፎቶ የሚታወቅ ዕቃ ፈልጉ። ለዚህ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን እውነተኛውን እዩ። ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መግቢያቸው ነጻ ነው። ኒውዮርክ ያላችሁ ሜትሮፖሊታን አለላችሁ። ጀርመን ያላችሁ ድሬስደን ሂዱ፤ የሳክሶኒው ገዢ አውግስጦስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰበሰበው የደሁዋ ሥራ እዚያ ነው። የጀርመኑ የማይሰን ፖርሴሊን ፋብሪካም በ1710 ሲቋቋም ከቀዳቸው ውስጥ ጓንዪን አለች። አንድ ሰዓት ፊቷን አይታችሁ ከወጣችሁ ኢንተርኔት ላይ ያለው ግማሹ ወዲያው ከዐይናችሁ ይወድቃል።

ቤት ከገባች በኋላ

ቻይናውያን ጓንዪንን «ገዛሁ» አይሉም፤ «ጋበዝኳት» ነው የሚሉት። ይህን የነገሩኝ አንዲት ቻይናዊት ጎረቤቴ ናቸው። የእኔን ነጭ ጓንዪን መጀመሪያ ያቆምኩት ጫማ መደርደሪያው ራስ ላይ ነበር። አይተው ምንም አላሉም፤ ፊታቸው ግን ተለወጠ። ሥዕለ አድኅኖ እዚያ ቢቀመጥ እኔስ ምን ይሰማኝ ነበር? የዚያኑ ዕለት ከፍ ወዳለ ቦታ አወጣኋት። የእኔ እምነት አይደለችም። የጎረቤቴ ግን ናት።

ስታነሷት ከሥሯ ያዙ፤ በአንገቷ ወይም በእጇ በፍጹም። የተጠገነች ከሆነች ሙቅ ውኃ አታስነኳት፤ ሙጫው ይለቃል። ከእጥፋቱ ውስጥ ቀይ ወይም ወርቃማ ቀለም ቅንጣት ካያችሁ አትፈትጉት። ብዙ የደሁዋ ምስሎች ድሮ መጀመሪያ ሲሸጡ ሳይቃጠል የተቀባ ቀለም ነበራቸው፤ የተረፈው ያቺ ቅንጣት ናት። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።